ለትንሽ ውሻዎ የሚስማማ ሐኪም እንዴት ይመርጣሉ?

400 ኪሎ የሚመዝን በሬ የሚያክም ሐኪም የበሬውን ክብደት በ1 ኪሎ ቢስት የሚመጣ ጉዳት የለም። 3 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የሚያክም ሐኪም በዚያችው በ1 ኪሎ ከሳተ ግን የመድኃኒቱ መጠን በሲሶ ይዛባል። ትንሽ ውሻ ከትልቁ የሚለየው በመልኩ ብቻ አይደለም፤ ስሕተት የመሸከም አቅሙም ትንሽ ነው። ቶሎ ይበርደዋል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ይወርዳል፣ ተቅማጥና ትውከት ከያዘው በአንድ ሌሊት የሰውነቱ ውኃ ሊሟጠጥ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ውሻ ሐኪም መምረጥ ማለት በትንሽ መጠን፣ በጥንቃቄ መሥራት የለመደ ባለሙያ መፈለግ ማለት ነው።

አገራችን በእንስሳት ሀብታቸው ከሚታወቁት የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። የእንስሳት ሐኪሞቻችንም አብዛኛውን ልምድ ያገኙት ከላም፣ ከበሬ፣ ከበግ፣ ከፍየልና ከዶሮ ነው። ይህ የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ የገበሬው ኑሮ የተመሠረተው በእነዚህ እንስሳት ላይ ነውና። ዛሬ ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ውሻን ከግቢ ጠባቂነት ባለፈ በቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች በርክተዋል። የትንንሽ ውሾችን ሕክምና የተካኑ ሐኪሞችም አሉ። እነሱን ለማግኘት ግን ማፈላለግ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ ሐኪም የሚፈለገው ውሻው ጤነኛ ሳለ ነው። ውሻ ታሞ እየተንቀጠቀጠ በጭንቀት የሚመረጥ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ የተገኘው እንጂ የሚሻለው አይደለም።

1. የውሻዎን ሁኔታና የራስዎን ፍላጎት ይጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ የውሻዎን ዕድሜ፣ ክብደት፣ ጾታ፣ የወሰዳቸውን ክትባቶችና የሚበላውን ምግብ ያስፍሩ። ዝርያውን የሚያውቁ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ፤ ምክንያቱም ትንንሽ ዝርያዎች የየራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው።

ፖሜራኒያን፣ ዮርክሻየር ቴሪየርና ቺዋዋ የመተንፈሻ ቧንቧቸው በቀላሉ ይጠባል፤ ምልክቱ ሲደሰቱ ወይም አንገታቸው ሲሳብ የሚነሳ ደረቅ ሳል ነው። የጉልበታቸው ሎሚም ከቦታው ይንሸራተታል፤ ውሻው ሲሮጥ ድንገት የኋላ እግሩን ያነሣና ጥቂት እርምጃ በሦስት እግሩ ሄዶ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ፐግ፣ ሺትዙና ፔኪኒዝ ፊታቸው ጠፍጣፋ በመሆኑ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሙቀት አይችሉም፣ ዓይናቸውም ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ በተለይ፣ ሌሎች ትንንሽ ውሾችም ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ የልብ በር መድከም ያገኛቸዋል። የጥርስ በሽታ ደግሞ ዝርያ ሳይለይ የሁሉም ትንንሽ ውሾች ችግር ነው፤ ጠባብ መንጋጋ ላይ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉና። ውሻዎ ድቅል ቢሆንም ወደ የትኛው እንደሚያደላ ማወቁ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ስለ ራስዎ ይጻፉ። ሐኪሙ ቤት ድረስ እንዲመጣ ይፈልጋሉ ወይስ እርስዎ ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ? መኪና ከሌለዎት ርቀቱ ወሳኝ ነው፤ ውሻ የሚጭን ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም። በወር ወይም በዓመት ምን ያህል ማውጣት ይችላሉ? ሁሉን ነገር ዘርዝሮ የሚያስረዳ ሐኪም ነው የሚፈልጉት ወይስ አጭርና ቁርጥ ያለ ምክር የሚሰጥ? ይህን ሳይለዩ የሚደረግ ፍለጋ ጎረቤትን የሚያስደስት፣ እርስዎን ግን የማያረካ ሐኪም ያመጣል።

2. ስሞችን ያሰባስቡ

ለሚያውቋቸው የትንሽ ውሻ ባለቤቶች ይደውሉ። «ጥሩ ሐኪም ታውቃለህ?» ብለው ከጠየቁ «አዎ» ከሚል መልስ በቀር የሚያገኙት ነገር ጥቂት ነው። ይልቁንም እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ውሻህን የወሰድከው በምን ሕመም ነበር? በሚዛን መዝኖታል? ምን እንደሆነ በግልጽ ነገረህ? ማታ ስትደውል ስልክ አነሣ? ሳይሻለው ሲቀር ምን አደረገ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሁሉም ሐኪም የሚድን በሽተኛ አለው፤ ጥሩ ሐኪም የሚለየው ሕክምናው አልሠራ ሲል በሚያደርገው ነው።

ከሰው ምስክርነት ሌላ የትምህርት ተቋማትን መጠየቅ ይቻላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ተማሪዎቹን የሚያሠለጥንበት የእንስሳት ሆስፒታል አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። እዚያ ያሉ መምህራን በከተማው ውስጥ ስለሚሠሩ ባልደረቦቻቸው ያውቃሉ፤ «በትንንሽ እንስሳት ላይ የሚያተኩር ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚህ ሁሉ ሦስት ያህል ስም ከያዙ ይበቃል።

3. ማን እንደሚያክም ያረጋግጡ

በእኛ አገር የእንስሳት ሕክምና ቦታ ላይ የተለያየ ሥልጠና ያላቸው ሰዎች ይሠራሉ። የእንስሳት ሕክምና ዶክተር አለ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት አለ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሻጭ አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር አይደለም። ረዳቶች ጠቃሚ ሥራ ይሠራሉ፤ ይሁን እንጂ በሽታ መለየት፣ ማደንዘዝና ቀዶ ጥገና የዶክተሩ ድርሻ ነው። የዲግሪውና የሥራ ፈቃዱ ወረቀት ግድግዳ ላይ ካልተሰቀለ በትሕትና ይጠይቁ። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም።

«በሳምንት ስንት ውሾች ያያሉ? ከ5 ኪሎ በታች የሆኑትስ ብዙ ናቸው?» ብለው ይጨምሩ። ሃያ ዓመት ከብት ያከመ ሐኪም ልምዱ የሚከበር ነው፤ ለቺዋዋ ግን ትንንሽ ውሾችን በየዕለቱ የሚያይ ወጣት ሐኪም ሊሻል ይችላል።

4. ውሻውን ሳይወስዱ ክሊኒኩን ይጎብኙ

አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል። የሚመለከቱት ይህን ነው።

ሚዛን፦ የሕፃናት መመዘኛን የመሰለ፣ ግራምን የሚለይ ሚዛን መኖር አለበት። «በእጄ ሳነሣው አውቃለሁ» የሚል መልስ ለትንሽ ውሻ አይሆንም።

ማቀዝቀዣ፦ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ውሻው መርፌ ይወጋል እንጂ አይከተብም። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ? መብራት ሲጠፋ ክትባቱን የሚያቆዩት በምን ነው? ጀነሬተር ወይም የበረዶ ሳጥን ያለው ክሊኒክ መልሱ ዝግጁ ነው። ቤት ለቤት የሚዞር ሐኪምም ክትባቱን ከበረዶ ጋር በቅዝቃዜ መያዣ ይዞ መምጣት አለበት።

ትንንሽ መርፌዎች፦ 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝና በመቶኛ የተከፋፈለ ሲሪንጅ ከሌለ ጥቂት ጠብታ በትክክል መለካት አይቻልም።

ንጽሕና፦ ጠረጴዛው በአንዱና በሌላው ውሻ መካከል ይጸዳል? ፓርቮ የተባለው ቫይረስ በተለመደው ሳሙና በቀላሉ አይሞትም፤ በረኪና ያስፈልገዋል። ተቅማጥ ያለበት ቡችላ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ መኖሩንም ይዩ።

ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ከመረጡ ለክትባት፣ ለምርመራና ለትል መድኃኒት መልካም ነው፤ ውሻውም በራሱ ቤት ይረጋጋል። ኤክስሬይ፣ ላቦራቶሪና ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ ወደ የት እንደሚልክዎት ግን ከአሁኑ ይጠይቁት።

5. አራት ጥያቄ ያቅርቡ

የሐኪሙን እውቀት በሚከተሉት አራት ነጥቦች መመዘን ይቻላል። የሚጠብቁት ፈጣን መልስ ሳይሆን የታሰበበት መልስ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አይቨርሜክቲን። ይህ መድኃኒት ለእከክና ለተባይ በየቦታው የሚወጋ ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው የተለመደው 1 በመቶ መርፌ የተዘጋጀው ለከብት ሲሆን፣ የከብቱ መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ስሌት ለ3 ኪሎ ውሻ የሚደርሰው 0.06 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር በግምት የሰጠ ሰው ከ8 እጥፍ በላይ ሰጠ ማለት ነው፤ ውሻው ሊንገዳገድ፣ ሊታወር፣ ራሱን ሊስት ይችላል። «ለዚህ ውሻ ምን ያህል ይሰጣሉ? እንዴትስ ይለኩታል?» ብለው ይጠይቁ። ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ መድኃኒት የሚያማርጥዎ ሐኪም ብልኅ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ክትባት። መድኃኒት በክብደት ይለካል፤ ክትባት ግን አይለካም። ትንሹም ትልቁም ውሻ እኩል አንድ ሙሉ መጠን ይወስዳል። «ትንሽ ስለሆነ ግማሹን ልስጠው» የሚል ሐኪም ውሻዎን ያለ መከላከያ ያስቀረዋል። ቡችላ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀምርና ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገምለታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱም ይደገማል። ብዙ ክትባት በአንድ ቀን ሲሰጥ ትንንሽ ውሾች ላይ ፊት ማበጥና ማስመለስ ከትልልቆቹ ይልቅ ይታያል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ክትባቶቹን በተለያየ ቀን ሊከፋፍላቸው ይችላል፤ ከተወጋ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው እንዲቆዩ ይነግርዎታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማደንዘዣ። ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ በቀዶ ጥገና ጊዜ ውሻውን በምን እንደሚያሞቁት ይጠይቁ። ትንፋሹንና ልቡን የሚከታተል ሌላ ሰው አለ? በደም ሥሩ መስመር ይገባለታል? ከማደንዘዣ በፊት ለስንት ሰዓት እንዲጾም ያዝዛሉ? በጣም ትንሽ ቡችላ እንደ ትልቅ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ ካደረ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ውሻዎ ሴት ከሆነች ደግሞ «መውለድ ቢያቅታት በሌሊት ኦፕራሲዮን ማድረግ ትችላላችሁ?» ብለው ይጨምሩ፤ የትንንሽ ዝርያ እናቶች ምጥ ብዙ ጊዜ ይጠናባቸዋልና።

አራተኛ፣ ስለ ጥርስ። ከ6 እስከ 7 ወር ድረስ ያልወለቀ የወተት ጥርስ መነቀል ሊያስፈልገው ይችላል። ሐኪሙ ይህን ያያል? የጥርስ እጥበትስ ያደርጋል? ሳያደነዝዙ ከላይ ከላይ መፋቅ ጥርሱን ነጭ ያስመስለዋል፤ በሽታው ያለው ግን ከድዱ ሥር ነው።

6. የመጀመሪያውን ምርመራ በዓይንዎ ይከታተሉ

አሁን ውሻዎን ይውሰዱ። የአንገት ማሰሪያ የመተንፈሻ ቧንቧውን ስለሚጫነው ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ይጠቀሙ፤ ወይም መያዣ ቅርጫት ውስጥ ያድርጉት፣ ከትልልቅ ውሾችም ይጠበቃል።

የሐኪሙን እጅ ይመልከቱ። ትንሽ ውሻ የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ነው፤ ከአናቱ በላይ የሚመጣ እጅ ያስፈራዋል። የሚያውቅ ሐኪም ቀስ ብሎ ከጎን ይቀርባል፣ እንዲያሸተው ይተወዋል፣ ከዚያ ይነካዋል። እንደ ፔኪኒዝ ያለውን ጠፍጣፋ ፊት ውሻ ማጅራቱን ጨምድዶ መያዝ ዓይኑን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ጠረጴዛው ላይ የማያንሸራትት ነገር መነጠፉንና ውሻው ለአፍታም ብቻውን አለመተዉን ያስተውሉ፤ የትንንሽ ዝርያ የፊት እግር አጥንት ቀጭን ስለሆነ ከጠረጴዛ ሲዘል ሊሰበር ይችላል።

የተሟላ ምርመራ ይህን ይመስላል፦ ይመዝነዋል፣ ሙቀቱን ይለካል (ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው)፣ ልቡንና ሳንባውን ያዳምጣል፣ ድዱን ተጭኖ ቀለሙ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መመለሱን ያያል፣ ጥርሱን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ የሁለቱንም ጉልበት ሎሚ በእጁ ይፈትሻል። ያገኘውንም በካርዱ ላይ ይጽፋል።

ስለ ምግቡም መጠየቅ አለበት። በእኛ ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለም፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ፣ ለትንሽ ውሻ ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። በጾም ወራት ቤቱ ሥጋ በማይገባበት ጊዜ ውሻው ምን ይብላ ለሚለው መልስ የሚሰጥ ሐኪም አኗኗርዎን የተረዳ ሐኪም ነው። ቡችላው ድንገት ሲደክምና ሲንቀጠቀጥ ድዱ ላይ ጥቂት ማር ቀብተው ወደ ክሊኒክ እንዲሮጡ፣ ለሰው የታዘዘ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳይሰጡት፣ ሲተኛ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ እንዲቆጥሩ (ከ30 በታች መሆን አለበት) የሚያስተምርዎ ከሆነ የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

7. ስለ ዋጋና ስለ ሌሊት አስቀድመው ይነጋገሩ

የካርድ፣ የክትባት፣ የማምከንና የጥርስ እጥበት ዋጋ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። አቅምዎ ውስን ከሆነ አይፈሩ፤ «ዶክተር፣ ያለኝ ይህ ነው፤ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የትኛው ምርመራ ነው?» ይበሉ። ሐቀኛ ሐኪም አስፈላጊውንና ሊቆይ የሚችለውን ለይቶ ይነግርዎታል።

እሑድ፣ ሌሊትና በበዓል ቀን ማን ይገኛል? ፋሲካ፣ ገናና እንቁጣጣሽ ክሊኒኮች የሚዘጉበት፣ የዶሮ አጥንትና የወጥ ትራፊ ደግሞ በየቦታው የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ራሱ የማይገኝ ከሆነ የሚተካውን ሰው ስልክ ይጠይቁት።

ከውሻዎ ጋር ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ካሰቡ ይህንንም ዛሬውኑ ያንሱ። መለያ ቺፕ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፊት መቀበር አለበት። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚገባ ውሻ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ይመረመራል፣ ከዚያም 3 ወር ይጠበቃል። አሜሪካ ደግሞ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቺፕ የሌለውንና 6 ወር ያልሞላውን ውሻ አታስገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በሰፊው ካለባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ለሚመጡት ተጨማሪ ማስረጃ ትጠይቃለች። ይህን ሥራ ከዚህ ቀደም የሠራ ሐኪም ብዙ ወራት ያተርፍልዎታል።

8. ይወስኑ፣ ከወሰኑም ይጽኑ

ሳይመዝን መድኃኒት የሚሰጥ፣ የሰጠውን መድኃኒት ስም የማይጽፍልዎ፣ ለሁሉም ሕመም ያንኑ መርፌ የሚወጋ፣ ወይም ሌላ ሐኪም ልጠይቅ ሲሉት የሚቆጣ ከሆነ ይተዉት። «ይህን አላውቀውም፣ ከእኔ የተሻለ የሚያየው ሰው ልንገርዎ» የሚለውን ግን አይልቀቁት፤ ይህ የድክመት ምልክት አይደለም።

እርስዎም ጥሩ ደንበኛ ይሁኑ። ክብደቱን፣ ክትባቱንና የወሰደውን መድኃኒት በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ቀጠሮ ያክብሩ፤ የታዘዘውን መድኃኒት ስለተሻለው ብቻ አያቋርጡ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ 8 ዓመት ካለፈው ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ሳይታመም ያስመርምሩት። ውሻውን ጤነኛ ሆኖ ያየ ሐኪም ሲታመም ልዩነቱን ፈጥኖ ይለያል።

ውሻዎ ዛሬ ደህና ከሆነ ፍለጋውን ለነገ አያሳድሩ። ዛሬ ለሁለት ሰዎች ይደውሉ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ክሊኒክ ይጎብኙ፣ የመረጡትን ሐኪም ስልክም ቤተሰቡ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጥፉ።